ይህን ሁሉ ጆንያ ማን ተሸከመው?



ጆንያ ያልገባበት ቤት ይኖራል ብዬ አላምንም። ቡናው፣ እህሉ፣ ድንቹ፣ ከሰሉ ወደ ቤታችን የሚመጣው በእርሱ ነው። ሲያረጅ እንኳ አንጥለውም። በር ላይ ተነጥፎ የጫማ ጭቃ ይጠረግበታል፤ የአህያ ጀርባ እንዳይላጥ ከጭነቱ ሥር ይደረጋል፤ ዝናብ ሲጥል እረኛውም ሆነ የገበያው ተሸካሚ አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ ይደፋዋል። ይህን ያህል የቅርባችን የሆነውን ነገር ግን ጊዜ ሰጥቶ የሚመለከተው ማን ነው? ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ አድርጎ ስለተመለከተው አንድ ሰው ነው።

ኢብራሂም ማሐማ ይባላል። የተወለደው በ1987 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ጋና በታማሌ ከተማ ነው። ታማሌ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነች ከተማ ናት፤ «ማሐማ» የሚለው ስም ራሱ በዚያ አገር አነጋገር ከ«ሙሐመድ» የመጣ ነው። ወደ ኩማሲ ወርዶ በክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ አጠና። ቅርጻ ቅርጽ ሲባል ግን ድንጋይ የሚጠርብ፣ ሐውልት የሚያቆም ሰው እንዳይመስላችሁ። ይበልጥ የታወቀበት ሥራ አሮጌ ጆንያዎችን በብዛት እየሰበሰበ፣ አንዱን ከሌላው እያሰፋ፣ በተገኘው ሰፊ ጨርቅ ትልልቅ ሕንፃዎችን ከላይ እስከ ታች ማልበስ ነው።

«ሕንፃን ጆንያ አልብሶ ምን ሊሆን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ ጆንያው በመጣበት መንገድ ላይ ነው።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመድረሳ ልጆች አቀራለሁ። አንዱ ልጅ ዓርብ «ቲቸር» ብሎኝ ቅዳሜ «ኡስታዝ» ይለኛል። ለተማሪዎቼ ጁት ስለሚባለው ተክል የምነግራቸው ደቡብ እስያን ስናነሳ ነው፤ ካካዎን የማነሳው ደግሞ ምዕራብ አፍሪካ ስንደርስ። ልጆቹም ሁለቱን ለየብቻ ይሸመድዱና ለየብቻ ይረሷቸዋል። ጆንያው ግን ሁለቱን ያገናኛል። በባንግላዴሽና በሕንድ ገበሬው የጁቱን አገዳ አጭዶ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ሲለሰልስም ውኃው ውስጥ እንደቆመ ልጡን በእጁ ይልጠዋል። ልጡ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ጆንያ ይሆናል፤ ጆንያውም በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል። ጋና ከኮትዲቯር ቀጥላ በካካዎ ምርቷ ስሟ ሲጠራ የኖረ አገር ናት፤ ካካዎዋን የምትሞላበትን ጆንያ ግን የምታስመጣው ከውጭ ነው። አንዱ ጆንያ 64 ኪሎ ካካዎ ይይዛል፤ የካካዎ ቦርዱ ማኅተምም ይታተምበታል። ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ የቀረው ጆንያ ሩዝ ይያዝበታል፤ በቆሎ ይያዝበታል፤ በመጨረሻም ጠቁሮና ተቀዳዶ የከሰል መያዣ ይሆናል። በየእጁ የገባለት ሰው ሁሉ ስሙን ወይም ምልክቱን በቀለም ይጽፍበታል። አንዱ ስም ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል።

ማሐማ የሚፈልገው ይህን የመጨረሻውን፣ ሰው ሁሉ የተወውን ጆንያ ነው። ገበያ የሚገባው አዲስ ጆንያ ይዞ ሲሆን አዲሱን ሰጥቶ አሮጌውን ይወስዳል። የእኛ አገር ቆራሌው ከሚያደርገው ልውውጥ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እዚያ ትርፉ የባለ አሮጌው መሆኑ ነው። ስፌቱንም ለብቻው አይሰፋውም። ከሰሜኑ ገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ከተሞች የወረዱ ወንዶችና ሴቶች አብረውት ይሰፋሉ። የሚሰፉት በገበያ መካከልና ሥራ ባቆሙ የባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ነው። ለሕዝብ ካሳየባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱም የሥዕል አዳራሽ ሳይሆን በአክራ የሚገኘው የማላም አታ ገበያ ነበር፤ ማለትም ጆንያው ራሱ የወጣበት ቦታ።

በ2015 ይህ ሥራ በጣሊያን አገር ወደ ቬኒስ ተወሰደ። በዚያ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ አንድን ረዥም መተላለፊያ ግራና ቀኙን በጆንያ ሸፈነው። በ2017 በአቴንስ ከተማ በሲንታግማ አደባባይ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሕዝብ እያየ ጆንያ አሰፋ፤ በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በካሰል ከተማ ሁለት የጥበቃ ቤቶችን አለበሰ። ከሁሉ ይበልጥ እኔን የያዘኝ ግን በሚያዝያ ወር 2019 ሚላን ላይ የሠራው ነው። በሚላን ፖርታ ቬኔዚያ በሚባለው ቦታ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙ ሁለት ጥንታዊ ሕንፃዎች አሉ። እነዚህ በድሮ ጊዜ ኬላ ነበሩ፤ ወደ ከተማው ለሚገባ ዕቃ ቀረጥ የሚከፈልባቸው። አምዳቸው የሚያምር፣ ድንጋያቸው የተወለወለ ነው። ማሐማ እነርሱን በጆንያ ጠቀለላቸው። እንግዲህ አስቡት! ዘመኑን ሙሉ በየኬላው እየቆመ ሲፈተሽና ሲቀረጥ የኖረው ጆንያ ኬላውን ራሱን ሸፈነው። ይህን ለመረዳት የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አንድ ጊዜ እህል ጭኖ ኬላ ላይ የተጉላላ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሕንፃን በጨርቅ ማልበስም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የካዕባን ኪስዋ የማያውቅ ሙስሊም ልጅ የለምና። ይህን ከዚያ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ አላህ ይጠብቀኝ። ዓይናችን ነገሩን ለማየት ቀድሞ የሠለጠነ መሆኑን ለመግለጽ ያህል ነው።

ወደ ራሳችን ቤትም እንግባ። እኔ ያደግሁት ደሴ አጠገብ በምትገኝ የገጠር ከተማ ሲሆን የቤታችን ኮርኒስ ማዳበሪያ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቿ የማዳበሪያና የስንዴ ከረጢቶችን ተርትረው በሲባጎ እያያያዙ ይሰፉና ወንዶቹ መሰላል ላይ ወጥተው ከጣራው ሥር ይወጥሩታል። የቤቱ ሁሉ ኮርኒስ እንዲህ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ የሚበላለጠው በስፌቱ ጥራት ነው። በመድረሳ በሉሕ ላይ አሊፍ፣ ባእ፣ ታእ እያልኩ ስቀራ፣ የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ትምህርት ቤት ሳልገባ መደብ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከኮርኒሱ ነው የለየሁት። «ዩሪያ» እና «ዳፕ» የሚሉትን ቃላት አንዳንዱን ተዘቅዝቆ፣ አንዳንዱን ለሁለት ተከፍሎ አነበብኳቸው። ዛሬ ሚላን ላይ የተደነቀውን ሥራ የሚመስል ነገር የእኛ እናቶች ያለ አድናቂ ሲሠሩት ኖረዋል ማለት ነው። ይህን የምለው የማሐማን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። የእናቴ ኮርኒስ አቧራ ይከለክል ነበር፤ የእርሱ ጨርቅ ደግሞ ሰዎች ሳያዩ የሚያልፉትን እንዲያዩ ያደርጋል። ሁለቱም ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ አባት ናቸው። መርካቶ ውስጥ በተሸካሚነት የሚሠሩ ሲሆኑ ልጃቸውን በሳምንቱ ቀናት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ መድረሳ አስተምረዋለሁ። ልጁ ዐሥረኛ ክፍል ነው። በዓመቱ መጀመሪያ በሞላው ቅጽ ላይ የአባት ሥራ በሚለው ቦታ «ነጋዴ» ብሎ ጽፏል። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ከወጡ በኋላ አባትየው ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ሰላምታ ተለዋወጥን።

«ኡስታዝ፣ ይህን ልጅ አንድ ነገር ይበሉልኝ» አሉ። «ሽቦና ቆርኪ እየለቀመ ግመል ይሠራል፣ ፈረስ ይሠራል። ቤቱን ሞላው። አንደኛ ሐራም ነው ይባላል። ሁለተኛ ትምህርቱ ሊቀርበት ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በጀርባዬ ተሸክሜያለሁ፤ እርሱ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ነው ምኞቴ።»

ሁለቱም ጥያቄ ቀላል አይደለም። ስለ መጀመሪያው የማውቀውን ነገርኳቸው። ነፍስ ያለውን ፍጡር ምስል ቀርጾ ስለማቆም ዑለማዎቻችን ያስጠነቀቁትን እኔ በራሴ ሥልጣን የማላላው ነገር አይደለም። ነገር ግን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በምስል ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸው ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር ሁሉ እንዲሠራ እንደመከሩት በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። ግመሉን ይተውና እጁ ግን አይታሰር አልኳቸው። ከዚያም ሞባይሌን አውጥቼ የሚላኑን ኬላ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። «ኬሻ ነው እንዴ?»

«አዎን፣ አሮጌ ኬሻ ነው። ካካዎና ከሰል የተያዘበት።»

ብዙ ሰው ይህን ፎቶግራፍ ሳሳየው ይስቃል ወይም «ለምን?» ይላል። እርሳቸው አልሳቁም። ስፌቱን አጎልቼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝና ተራ በተራ ተመለከቱት። ከዚያም «ይህን ሁሉ ማን ተሸከመው?» አሉ። እኔም ጨርቁን ወደ ሕንፃው ያወጡትን ሠራተኞች የጠየቁ መስሎኝ በማንሻ መኪና ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሉውን ማለቴ ነው። ባዶውንማ ማንም ይሸከመዋል።»

በእውነቱ ስለዚህ ሥራ ከተጻፈው ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ወደ ነገሩ ልብ የገባ አላገኘሁም። ማሐማም ቢሆን ዓመታት የደከመበት ጥያቄ ይኸው ነው። ከእርሱ ጋር የሚሰፉትን ሰዎች ክንድ ፎቶግራፍ አንስቷል። በክንዳቸው ላይ ስማቸው፣ የትውልድ መንደራቸው፣ የቤተሰባቸው ስም በንቅሳት ተጽፏል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በጭንቅላታቸው ዕቃ እየተሸከሙ የሚያድሩ ናቸው፤ መታወቂያ ወረቀትም የላቸውም። መነቀስ በዲናችን የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። ያቺ ሴት ግን ክንዷን ያስወጋችው ለጌጥ አይደለም። በማታውቀው ከተማ ጭነት ቢወድቅባት ወይም መኪና ቢገጫት ስሟ ሳይታወቅ እንዳትቀበር ነው። እዚህ ላይ ስለ ፍርዱ ከመናገር በፊት ስለ ችግሩ ማሰብ የሚቀድም ይመስለኛል። ጆንያው እንዳይጠፋ የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል፤ ጆንያውን የተሸከመው ሰውም እንዳይጠፋ ስሙን በገላው ላይ ይጽፋል። ማሐማ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህን ሁሉ ጽፌ እስካሁን የጠራሁት የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ሰፊዎቹን በስም አላውቃቸውም፤ ጋዜጦቹም አይነግሩኝም። ይህ የማሐማ ጥፋት ነው ለማለት አይደለም፤ የእኛ የአንባቢዎች ልማድም አለበት።

አባትየው ሁለተኛ ጥያቄ ነበራቸው። «ይህ ሰውዬ ከዚህ በልቶ ያድራል?»

በልቶ ከማደርም አልፏል። ሥራዎቹ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ከዋጋው ጋር ጣጣም አለ፤ ሁለት የሥነ ጥበብ ነጋዴዎች ከእርሱ የወሰዱትን የጆንያ ጨርቅ ቆራርጠው፣ ሳሎን ላይ እንዲሰቀል አድርገው በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ወደ 300 የሚጠጉ ትንንሽ ሥራዎች አወጡበት። ማሐማም የእኔ አይደሉም ብሎ ካዳቸው። ነገሩ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2016 በስምምነት አለቀ። ለእኔ መካዱ ትክክል ነው። ተቆራርጦ ሳሎን የገባ ጆንያ ጌጥ ነው እንጂ ስለ ተሸካሚው የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

ገንዘቡን ያዋለበት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በተወለደባት በታማሌ በ2019 የሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈተ። ከከተማዋ ወጣ ብሎም «ቀይ ሸክላ» የሚል ስም ያለው ሰፊ ግቢ ሠርቷል። ክዋሜ ንክሩማ በ1966 ከሥልጣን ሲወርዱ ሳይጠናቀቅ የቀረ አንድ የእህል ጎተራ ነበር፤ እርሱንም ገዝቶ ለሕዝብ ክፍት አደረገው። አገልግሎት ያቆሙ አውሮፕላኖችን ገዝቶ በመኪና አስጎትቶ አምጥቶ የልጆች መማሪያ ክፍል አደረጋቸው። በእንግሊዞች ዘመን የተሠራው ባቡር ታማሌ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ማሐማ ግን አሮጌ የባቡር ፉርጎዎችን በመንገድ ጭኖ እዚያው አደረሳቸው። የመንደሩ ልጆች ሳይከፍሉ ይገባሉ።

በ2024 ደግሞ ለንደን ውስጥ ባርቢካን የሚባለውን ግራጫ የሲሚንቶ ሕንፃ በጆንያ ሳይሆን ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ባለው ጨርቅ አለበሰው። ስፋቱ 2,000 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን በታማሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸማኔዎችና ሰፊዎች በእጃቸው ሸምነው የሰፉት ነው። የሚዘረጉበት ቤት ስላልተገኘ ስታዲየም ውስጥ ዘርግተው ሰፉት። በላዩም ላይ ወደ መቶ የሚሆኑ ባታካሪዎች ተሰፍተውበታል። ባታካሪ የሰሜን ጋና ሰዎች፣ ንጉሡም ድሃውም፣ የሚለብሱት ሰፊ እጀ ጠባብ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እስቲ አስቡት፤ የአያታችሁን ጋቢ ሰው መጥቶ በለንደን ዝናብ ላይ ልስቀለው ቢላችሁ ትሰጡ ነበር? እነዚያ ሰዎች ሰጡ። ለማላውቀው ሰው የምሰጥ አይመስለኝም፤ ለጎረቤቴ ልጅ ግን ምናልባት። ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው፤ የጠየቃቸው የራሳቸው ልጅ ነበር።

«እኛስ አገር እንዲህ ያለ ሰው አለን?» ለሚል፣ አለን። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የኮምፒውተር ቁርጥራጭና ሽቦ እየሸመተ ግድግዳ የሚያህሉ ሥራዎች የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀደም ሲልም በክርና በአዝራር ይሰፋ ነበር። ዞማ ሙዚየምን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አንድ ጥሩ ከሰዓት ታሳልፋላችሁ።

ከአባትየው ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ግመሉና ፈረሱ ይቅሩ፤ የቤት ሥራው ከተሠራ በኋላ ሽቦውን ይሥራ፤ ሰኔ ላይ ውጤቱ ከወረደ እንደገና እንነጋገር። እርሳቸው ሙሉ በሙሉ አልረኩም። «ወንበሩን ግን እንዳይረሳ» ብለውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ንግድ መስመሮች ሳስተምር ልጁ አንድ አሮጌ የቡና ጆንያ አጣጥፎ ይዞ መጣ። ሰሌዳው ላይ በሚስማር ሰቀልነውና እየተጠጋን አነበብነው። ከላይ የቡናው ማኅተምና 60 ኪሎ የሚል ጽሑፍ አለ። ከሥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈ የሰው ስም፣ ከእርሱም ላይ በጥቁር ቀለም የተደረበ ሌላ ስም ነበር። ሁለተኛው ስም የነጋዴ ይሁን የሾፌር ልጆቹ ተከራከሩ። በታችኛው ጠርዝ በኩል በከሰል የተሰመሩ ጭረቶች ነበሩ፤ ቆጠርናቸው፤ ሃያ ስምንት ናቸው። ምን እንደሆኑ ማንም አላወቀም። ልጁ ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣና «እነርሱ የአባቴ ናቸው» አለ። «የተሸከመውን የሚቆጥርበት ነው። ያን ቀን ሃያ ስምንት ዙር ሄዷል።»